ለእግር ተቆፍረው ለጣት የሆኑ ፊደላት

ዘንድሮ የድንጋይ ጠረባ ቤታችንን ዘጋሁ። ከኮልፌ ገበያ ጀርባ፣ ግማሹ ቆርቆሮ የለበሰ ግማሹ ለሰማይ የተተወ ግቢ ነበር። ባለቤቴ ደሳለኝ እዚያ ድንጋይ ይጠርብ ነበር፤ እኔ ፊደል እነድፍለት ነበር። እሱ ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ብቻዬን ልቀጥል ሞክሬ ነበር። አሁን ግን የመቃብር ድንጋይ የሚያሠራ ሰው ጦር ኃይሎች አካባቢ ካሉት ማሽን ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ይልና ስሙን በስልኩ ያሳያቸዋል፤ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ተቀርጾ ይጠብቀዋል። አልቀየምም። ማሽን እጁ አይንቀጠቀጥም፣ ትቢያም አይውጥም። ትቢያ አለመዋጥ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ይህን የምጽፈው በቀስታ ነው። ልጄ ሰላማዊት በኮምፒውተር ልጻፍልሽ ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት። ዕድሜዬን ሙሉ ፊደል በእጄ ስጽፍ ኖሬ የራሴን ነገር በሰው እጅ ማስጻፍ አልሆነልኝም። ከቤቱ በተረፈው የንድፍ ወረቀት ጀርባ ላይ ጥቂት መስመር እጽፍና ተነሥቼ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። እዚያ የጀመርኩት ሌላ ሥራ አለ። ስለ እሱ መጨረሻ ላይ አነሣዋለሁ።

ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ የተቀጠርኩት በአንድ የመንግሥት የግንባታ መሥሪያ ቤት ንድፍ ክፍል ውስጥ ነበር። ስምንት ወንዶችና እኔ። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ተሰማ የሚባሉ፣ ከመነጽራቸው በላይ የሚያዩ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያ ቀን እጄን ፈትነው፣ "ጥሩ ነው፤ አንቺ ጽሑፉን ያዢ" አሉኝ። ጽሑፍ ያሉት በቤት ንድፍ ላይ የክፍሎቹን ስም መጻፍ ነው። መኝታ ቤት። ዕቃ ቤት። ባኞ ቤት። ወንዶቹ ግድግዳውንና ጣሪያውን ይነድፋሉ፣ እኔ ባኞ ቤት እያልኩ እጽፋለሁ። ይህች ከተማ ውስጥ ስንት ሰው በእኔ እጅ ጽሑፍ በተሰየመ ባኞ ቤት ገላውን እንደሚታጠብ አላውቅም፤ ብዙ ይመስለኛል።

በዚያ ሥራ እናደድ ነበር። አሁን ግን ሳስበው ሙያዬን ያገኘሁት እዚያ ነው። አንድን ቃል በቀን መቶ ጊዜ ስትጽፉ ፊደሉን ማየት ትተዋላችሁ፤ በፊደሎቹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ማየት ትጀምራላችሁ። ጽሑፍ የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚያ ባዶው ላይ ነው። አቶ ተሰማ ሳያውቁት አስተማሩኝ።

መሥሪያ ቤቱ ከሌላ ጋር ሲቀላቀል እኛ በደብዳቤ ተሰናበትን። በዚያው ሰሞን አባቴ ዐረፈ፤ የመቃብር ድንጋዩን ላሠራ ኮልፌ ሰዎች ወደ ጠቆሙኝ ጠራቢ ሄድኩ። ጋሽ ሽፈራው ይባላሉ። አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ቅንድባቸው ሁልጊዜ በድንጋይ ዱቄት የነጣ ሽማግሌ ነበሩ። በከሰል የነደፉትን የአባቴን ስም አየሁና አፌን መያዝ አቅቶኝ፣ ሦስተኛው ፊደል ከሁለተኛው ርቋል አልኳቸው። ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቁመው ተመለከቱኝ። ጋሽ ሽፈራው ከሰሉን ዘረጉልኝ።

"እንግዲያው አንቺ ጻፊዋ።"

ጻፍኩት። ራቅ ብለው አዩት፣ ቀረብ ብለው አዩት። ከዚያ ጥግ ላይ መሮውን ይስል ወደነበረ አንድ ዝምተኛ ወጣት ዞረው፣ "ደሳለኝ፣ ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ፊደል መሳቅ ቀረብህ፤ ሰው አግኝተናል" አሉት። በሳምንቱ ሥራ ጀመርኩ። በዓመት ከመንፈቁ ደሳለኝን አገባሁ።

ስለ ጋሽ ሽፈራው ብዙ ልጽፍ እችላለሁ፤ ሦስት ልማዳቸውን ብቻ ልጻፍ። አንደኛ፣ ድንጋይ ሲመጣላቸው ውሃ ያፈሱበትና ቁጭ ብለው ሲደርቅ ያዩታል። ጤነኛ ድንጋይ እኩል ይደርቃል። ውስጡ የተሰነጠቀ ከሆነ ስንጥቁ ውሃውን ይይዛል፤ ሌላው ሁሉ ደርቆ አንድ ቀጭን እርጥብ መስመር ይቀራል። ያ መስመር ካለ ምንም ያህል የሚያምር ድንጋይ ቢሆን አይነኩትም። ባለጉዳይ ቢቸኩል፣ ቢቆጣ፣ እሳቸው ድንጋዩ ሲደርቅ እያዩ ነው።

ሁለተኛ፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ስሙን ጮክ ብሎ ካላነበበላቸው መሮ አያነሡም። ሰው ወረቀት ሰጥቶ ሊሄድ ሲል፣ "ቆይ፣ ጥራልኝና ሂድ" ይሉታል። ብዙ ሰው ስሙን ሲጠራ ነው የሚያለቅሰው። እሳቸው እስኪያባራ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ሥራ ይጀመራል።

ሦስተኛው ልማዳቸው ያን ጊዜ ያስቀን የነበረው ነው። ስም የተጻፈበት ድንጋይ መሬት ላይ ተጋድሞ ከሆነ በላዩ አይሻገሩም። መሮው በወዲያ በኩል ቢወድቅባቸው፣ ቢታመሙ፣ ቢደክማቸው፣ ዙሪያውን ዞረው ሄደው ያነሡታል። አንድ ቀን ድንጋዩ እንዳይሰነጠቅ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ሰውየው ቢነቃ ምን ይለኛል?" አሉኝ።

ቀልድ መሰለኝ። ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ፤ ግን ዞረው ሄዱ።

ቀልድ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቤቱ ቀልድ ይወድ ነበር። አቶ ክፍሌ የሚባሉ ነጋዴ በቁማቸው የራሳቸውን የመቃብር ድንጋይ አሠርተው እኛ ጋ አስቀምጠውት ነበር። በየዓመቱ እየመጡ ያዩታል፣ በመሐረባቸው ይወለውሉታል፣ አቧራ አስነካችሁብኝ ብለው ይቆጡናል። ደሳለኝ አንድ ጊዜ፣ "አቶ ክፍሌ፣ ይውሰዱትና ቤትዎ ያስቀምጡት" ቢላቸው፣ "ሚስቴ ታያለች፤ ደስ እንዲላት አልፈልግም" አሉት። ጋሽ ሽፈራው ዐርፈው አቶ ክፍሌ ገና እየመጡ ይወለውሉ ነበር።

ጋሽ ሽፈራው ሲያርፉ ቤቱ ለእኛ ቀረ። ብዙ ሠራን። የትምህርት ቤት በር፣ የጤና ጣቢያ ስም፣ የመሠረት ድንጋይ። የመሠረት ድንጋይ ላይ የመራቂው ሹም ስም ይጻፋል፤ ሕንፃው ሳያልቅ ሹሙ ይቀየራል። አንዱን ድንጋይ ገልብጠን በጀርባው ጻፍንበት፤ እንደገና ሲቀየር ደሳለኝ፣ "ሦስተኛ ፊት የለውም፤ ለሚቀጥለው ሌላ ድንጋይ ያምጡ" ብሎ ላከባቸው። ክፍያው ዛሬ ሞልቶ ነገ የሚጎድል ነበር፤ ልጃችንን አስተምረንበታል፤ ይበቃል።

ደሳለኝ ንድፌን አይቶ በሁለት ቃል ይፈርድ ነበር። "ሆዱ ተነፍቷል" ይላል አንዱን ፊደል። "ይሄ አንገቱን ደፍቷል።" እኔም የእሱን ቁፋሮ እየነካሁ እፈርድ ነበር። በመካከላችን ብዙ ወሬ አልነበረም። ሥራው ያወራልን ነበር።

ወደ ትልቁ ሥራችን ልምጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በከተማው ካሉት ነባር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ፣ በዚያ የመከራ ዘመን ከግቢው ወጥተው ላልተመለሱ ተማሪዎቹ መታሰቢያ ሊያቆም ተነሣ። ቦታው የድሮው ግቢ ነው። በአራቱም በኩል የድንጋይ ሕንፃ ከቦታል፤ መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ ዝግባ አለ። በአንድ ጎን የድሮዎቹ መማሪያ ክፍሎች በር፣ ፊት ለፊቱ የቤተ መጻሕፍቱ በር። የአርባ ሦስት ተማሪዎች ስም ተጣርቶ ተገኝቷል። አብዛኞቹ መቃብራቸው አይታወቅም። ንድፍ ያለው ሰው ያቅርብ ተባለ። የተማሩ አርክቴክቶች አቀረቡ፣ ቀራጮች አቀረቡ። እኔም አቀረብኩ።

ንድፌ ይህ ነበር። ከመማሪያ ክፍሉ በር እስከ ቤተ መጻሕፍቱ በር አርባ ሦስት የአምቦ ድንጋይ መሬት ላይ ይነጠፋል። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ስም። አንድ እርምጃ፣ አንድ ስም። እነዚያ ልጆች ጀምረው ያልጨረሱትን መንገድ የዛሬ ተማሪዎች በየቀኑ በእግራቸው ይጨርሱላቸዋል። ሐውልት የለም፣ ጡብ የለም፣ አጥር የለም። መንገድ ብቻ።

የመታሰቢያው ኮሚቴ የመረጠው የእኔን ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ዶክተር ሀብታሙ ደውለው ሲነግሩኝ ገበያ መሐል ነበርኩ፤ የያዝኩትን ሽንኩርት እዚያው ጥዬ ወደ ቤት ሮጥኩ። ያን ሁሉ ዓመት ባኞ ቤት ስጽፍ የኖርኩት ሴት፣ አርክቴክቶች ባሉበት ተመረጥኩ። ያን ቀን ኮራሁ። ዛሬም እኮራለሁ።

ደሳለኝ ንድፉን ዘርግቶ ረጅም ጊዜ አየው። "መሬት ላይ?" አለ። መንገድ መሆኑን አስረዳሁት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በቀን ስንት ተማሪ ይሄድበታል? የአምቦ ድንጋይ ለመሮ ይገራል፤ ግን እግር ይበላዋል። ስለዚህ ፊደሉን ከለመድነው እጥፍ አጠልቀዋለሁ፣ ድንጋዩንም ግማሽ ስንዝር አወፍረዋለሁ አለ።

ያን ጊዜ ታሞ ነበር። ሐኪሙ ፎቶውን አይቶ፣ ሳንባህ ላይ የድንጋይ ትቢያ ተቀምጧል፣ ሥራውን አቁም ብሎታል። ደሳለኝ ለሐኪሙ የመለሰለት፣ "ታዲያ ማን ይጠርበዋል?" ብሎ ነው። ፊደሎቹን ለማሽን ቤት እንስጣቸው ብዬ ለመንኩት። ይህ የመጨረሻ ሥራዬ ነው፣ ለማሽን አልሰጠውም አለ። እርጥብ ጨርቅ አፉ ላይ አስሮ፣ ድንጋዩን በውሃ እያራሰ፣ ጥቂት ፊደል ቆፍሮ እያረፈ ሠራው። አንድ ስም ሁለት ቀን፣ አንዳንዱ ሦስት ቀን ይፈጅበት ነበር። ስሞቹን ጮክ ብዬ የማነብለት እኔ ነበርኩ። አጠገባችን ያለው ብረት በያጅ ሳይቀር ስሞቹን በቃሉ ያዘ፤ ጠዋት ሲያገኘኝ፣ "ዛሬ ማን ላይ ደረሳችሁ?" ይለኝ ነበር።

የመጨረሻው ስም ሲቀረን ኮሚቴው ዐሥሩን ድንጋዮች አስቀድሞ አስነጠፈና የልጆቹን ቤተሰቦች እንዲያዩት ጠራ። ደሳለኝ ደክሞት ቀረ፤ እኔ ሄድኩ። ጠዋት ነበር፣ ትምህርት ያለበት ቀን። ከመጡት መካከል እትዬ አስካለ የሚባሉ፣ ወገባቸው የጎበጠ ትልቅ ሴት ነበሩ። ግርማ የሚባል ወንድማቸውን ለመጠየቅ ነው የመጡት። እናታቸው ቀድማ ሞታ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ስሙን ፈልጊልኝ ቢሉኝ እጃቸውን ይዤ በኩራት ወሰድኳቸው። አራተኛው ድንጋይ ነበር።

"ይኸውልዎ፣ እትዬ።"

ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁ። ጎን ለጎን አድርገው ከድንጋዩ ውጭ አስቀመጡትና በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ጠርዙ ላይ ቁጭ አሉ። እኔ አጠገባቸው ቆምኩ።

በዚህ መሐል ክፍል የረፈደበት አንድ ተማሪ ደብተሩን እንደያዘ ከበሩ ወጥቶ በሩጫ መጣ። አንደኛውን ረገጠ፣ ሁለተኛውን ረገጠ፣ በሦስተኛው ተንደርድሮ አራተኛው ላይ ደረሰ።

"ቀስ በል ልጄ" አሉት እትዬ አስካለ። ድምፃቸውን አላነሡም። "ወንድሜን ረገጥከው።"

ልጁ ቆመ። አንድ እግሩን አነሣ። "ይቅርታ እማማ" አለ፤ ግን ያነሣውን እግር የት እንደሚያሳርፈው አላወቀም። ከፊቱም ከኋላውም ስም ነው። በአንድ እግሩ እንደቆመ፣ ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቶ፣ እኔን ተመለከተኝ። ያ ፊት እስከ ዛሬ አልጠፋኝም።

እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ። አንቺ ነሽ የሠራሽው አሉኝ። አዎ አልኩ።

"እጅሽ ይባረክ፤ ያምራል። ይህን ሁሉ ዓመት የማለቅስበት መሬት አጥቼ ዛሬ ስሙን አሳየሽኝ። ግን እናቱ ብትኖር መንገድ ላይ አታስተኛውም ነበር።"

ጋሽ ሽፈራው በዓይኔ ላይ መጡ። መሮአቸው በወዲያ በኩል ወድቆ፣ ጉልበታቸውን እየደገፉ፣ ዙሪያውን ሲዞሩ። ስንት ዓመት አየኋቸው። ስንት ዓመት ሳቅሁ። አንድም ቀን ለምን ብዬ እስከ መጨረሻው አልጠየቅኩም። የመቃብር ስም ስጽፍ የኖርኩ ሴት፣ መቃብር የሌላቸውን ልጆች ስም ወስጄ ከእግር ሥር አኖርኩ።

ያን ቀን እስከ ምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ ቆየሁ። ተማሪው ወሬውን ነግሯቸው ይሁን በዓይናቸው አይተው እንጃ፣ በድንጋዮቹ ላይ ማንም አልሄደም። ሁሉም በግድግዳው ጥግ ጥግ እየዞሩ ቤተ መጻሕፍት ይገባሉ። የሰው መንገድ ላድርገው ያልኩትን ግቢ ዘጋሁት።

ከጦር ኃይሎች ታክሲ ይዤ ስመለስ ፌርማታዬን አለፍኩ። ረዳቱ፣ "እናት፣ መውረጃዎት አልነበረም እንዴ?" ሲለኝ ነው የነቃሁት። የማስበው ኮሚቴውን አልነበረም። እንዴት ብዬ ለደሳለኝ እንደምነግረው ነበር። በቀረችው ትንፋሹ የሠራቸውን አርባ ሁለት ድንጋዮች ከንቱ ናቸው ልበለው? አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈራኝ፤ ያ ሰው የመጨረሻ ሥራው ስሕተት እንደሆነ እያወቀ እንዳይሞት።

ስደርስ ከአርባ ሦስተኛው ድንጋይ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

"ምን አሉ?"

"ያምራል አሉ።"

"ታዲያ ፊትሽ ምን ሆነ?"

ነገርኩት። አፉ ላይ ያሰረውን ጨርቅ ፈታ። በእጁ ጠቀለለው። ከዚያ፣ "ጋሽ ሽፈራው አይሻገሩም ነበር" አለ።

"ታውቅ ነበር?"

"መሬት ላይ ስትይኝ ትዝ አሉኝ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ንድፉ የተመረጠልሽ ዕለት እንደዚያ ደስ ብሎሽ አይቼሽ አላውቅም" አለ። "ደግሞ መንገድ ነው ብለሽኛል። መንገድ ጠረብኩ።"

ከዚህስ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እንዳለ እንተወው አልኩት። ሰው ይለምደዋል፣ ኮሚቴው አጽድቆታል፣ ከአንዲት ሴት በቀር የተናገረ የለም አልኩ። ይህን ያልኩት ለእሱ ብዬ ነው፤ ሳልዋሽ ልጻፍ፣ ለራሴም ብዬ ነው።

"አንቺስ በላዩ ትሄጃለሽ?" አለኝ።

ገና አንድ ፊደል የቀረውን ድንጋይ ተመለከተ፣ ተመለከተና፣ "እስቲ አቁሚው" አለ።

በያጁን ጠርቼ ሁለት ሆነን ድንጋዩን አቆምነው፤ ግድግዳው ላይ ላስደግፈው ስል ተዪው አለኝ። ግማሽ ስንዝር ውፍረት ስላለው በራሱ ቆመ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ፀሐይዋ ከጎን ትመጣለች። ተጋድሞ ሳለ ጠፍጣፋ የነበረው ስም ሲቆም በጥላ ሞላ። እያንዳንዱ ፊደል ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ ከበሩ ይነበባል። ደሳለኝ ተነሥቶ ቀረበ። ጣቱን አንደኛው ፊደል ውስጥ አገባ። እስከ ጥፍሩ ገባ። መስመሩን ተከትሎ እስከ ፊደሉ እግር ድረስ ወረደ።

"ለእግር ብዬ ነበር ያጠለቅሁት" አለ። "ለጣት ሆነ።"

በማግሥቱ ስሕተቱ የእኔ እንደሆነ በጽሑፍ ለኮሚቴው አስገባሁ። ድንጋዮቹ ከመንገዱ ግራና ቀኝ፣ በዝቅተኛ የጥቁር ድንጋይ ግንብ ላይ ቆመው፣ የሚያልፈው ሰው እጁን ቢዘረጋ ስሞቹን እንዲነካ የሚያሳይ አዲስ ንድፍም አያይዤ ነበር። ዶክተር ሀብታሙ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ግን ጨነቃቸው። በስሜ ወይዘሮ ሙሉ ብለው ጠርተውኝ፣ የጸደቀ ንድፍ ነው፣ የምርቃቱ ቀን ተቆርጧል፣ አንድ አዛውንት ስለተሰማቸው ተብሎ ይህን ሁሉ ማፍረስ ይከብዳል አሉኝ። ሌሎቹም ተስማሙባቸው። ልከራከር አልሞከርኩም። ስብሰባው አልቋል፣ ከመበተናችን በፊት ቤተ መጻሕፍቱ በር ድረስ አብረን እንሂድ አልኳቸው።

ወጣን። መንገዱ ፊት ለፊታችን ነው፤ ዐሥሩ ድንጋዮች ተነጥፈዋል። የመጀመሪያው የኮሚቴ አባል ድንጋዩ ጋ ደርሶ ወደ ግራ ዞረ። ሁለተኛው ተከተለው። ዶክተር ሀብታሙ እያወሩ ነበር፤ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ እግራቸው በራሱ ወደ ሣሩ ወጣ። ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ስንደርስ ወደ ኋላ ዞረው አዩ። ስድስታችንም በሣሩ ነው የመጣነው።

"ለግንቡ ስንት ቀን ይበቃችኋል?" አሉኝ ዶክተር ሀብታሙ።

ድንጋዮቹ ሲቆሙ ደሳለኝ መጣ። ዝግባው ሥር ወንበር አኖርንለት። መሮ መያዝ አይችልም፤ ቱንቢውን ግን ለማንም አልሰጠም። ግንበኞቹ ድንጋይ ባቆሙ ቁጥር ተነሥቶ ክሩን ያንጠለጥላል፣ ክሩ እስኪረጋ ይጠብቃል፣ "ወደ አንቺ ትንሽ" ይለኛል። ግንበኞቹ ሳቁበት፤ እነሱ ቆመው ጎንበስ ብዬ የማስተካክለው እኔ ነበርኩና። አርባ ሦስቱም በእሱ ክር ነው የቆሙት። የመጨረሻው ሲቆም ክሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና በቃ እንሂድ አለኝ።

ከምርቃቱ በፊት ዐረፈ።

ምርቃቱ ላይ ጥቁር ለብሼ ተገኘሁ። ንግግር ተደረገ፣ የንድፉ ባለቤት ተብዬ ተጠራሁ፣ ተጨበጨበ። ስነሣ የሱን ስም ለማንሣት አስቤ ነበር፤ አመሰግናለሁ ብቻ ብዬ ተቀመጥኩ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ እጽፈዋለሁ። ንድፉ የእኔ ነው። ድንጋዩን ያቆመው ደሳለኝ ነው።

ሰው ሲበታተን እትዬ አስካለ መጡ። ጫማቸውን አላወለቁም። በመንገዱ መሐል፣ በስሞቹ መካከል፣ ቀስ እያሉ ተራመዱ። ዓይናቸው ደክሟል፤ የግርማን ድንጋይ አሳየኋቸው። ልክ ደረታቸው ድረስ ነው የሚመጣው። እጃቸውን ይዤ ጣታቸውን ከመጀመሪያው ፊደል ጋር አገናኘሁት።

"ይቺ ምን ትባላለች?"

"ግ።"

"ይቺስ?"

"ር።"

ቀለም አልቆጠሩም ነበር። ሦስቱንም ፊደል በጣታቸው ወጥተው ወረዱባቸው፤ ጨርሰው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። በሦስተኛው ጊዜ ሳልነግራቸው ራሳቸው እየጠሩ አነበቡት።

"ማነው የቆፈረው?" አሉኝ።

"ባለቤቴ ነው።"

"የታለ?"

ልብሴን አዩና መልሱን አልጠበቁም። እጄን ይዘው የወንድማቸው ስም ላይ ከእጃቸው ሥር አኖሩት። ጠዋቱን ሙሉ ፀሐይ ስትመታው ስላረፈደች ድንጋዩ ይሞቅ ነበር። እንደዚያ ሆነን ብዙ ቆየን። በጀርባችን ተማሪዎች ወደ ቤተ መጻሕፍት ያልፋሉ። በመንገዱ ነው የሚሄዱት። አንዳንዱ ሳያስተውለው እጁን ዘርግቶ ስሞቹን እየዳበሰ ያልፋል።

አሁን ስለ ጓሮው ሥራ። የደሳለኝን ድንጋይ ለማሽን ቤት መስጠት አልሆነልኝም። ለሌላ ጠራቢም አልሰጠሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ፊደል ነደፍኩ እንጂ አንድም ቆፍሬ አላውቅም ነበር። ከአርባ ሦስቱ የተረፈ አንድ የአምቦ ድንጋይ ነበረን። ውሃ አፍስሼበት ሲደርቅ ተቀምጬ አየሁት፤ እኩል ደረቀ። ልጄን አቁሜ የአባቷን ስም ጥሪልኝ አልኳት፤ ልቅሶዋ እስኪያባራ ጠበቅኳት። አፌ ላይ እርጥብ ጨርቅ አስሬ መሮውን ያዝኩ።

ክረምቱን ሙሉ ፈጀብኝ። "ደ" ሆዷ ተነፍቷል፤ ያለ እሱ የሚነግረኝ ስላልነበረ ዘግይቼ ነው ያየሁት። "ሳ" አንገቷን ደፍታለች። ተውኳቸው። ትናንት የመጨረሻውን ፊደል ጨርሼ መሮውን ሳስቀምጥ ከእጄ አመለጠና በድንጋዩ ወዲያኛው በኩል ወደቀ። እጄን ብዘረጋ ይደርስ ነበር።

ተነሥቼ ዙሪያውን ዞሬ አነሣሁት።